አማርኛ የጾምንበት ሳምንት

ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ፊደል አስቆጥረው ዳዊት ላስደገሙኝ ለየኔታ ወልደ ሩፋኤል፤

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። እርስዎ፣ እማሆይ አመተ ሥላሴ፣ የጉባኤ ቤቱ ልጆች፣ ከብቱም ሰብሉም እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነትና በእናቴ ጸሎት ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎ የክንዱ አጎት ነው። ክንዱ የንፋስ መውጫ ልጅ ነው፤ ዶርም አብረን እናድራለን። አጎቱ እስከ ንፋስ መውጫ ያደርሰውና ወደ ወገዳ ለሚሻገር ነጋዴ ይሰጠዋል። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

የኔታ፣ እናቴ ማንበብ ስለማትችልና የተነበበላትን ሁሉ ለመንደሩ ስለምታወራ ይህን ለእርስዎ ብቻ ጻፍኩት። ተዋርጃለሁ። የመመረቂያ ጥናቴ በአገራችን ገብስ ላይ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ዕቅዱን መምህራንና ተማሪዎች ፊት ቆሜ በእንግሊዝኛ ማስረዳት ነበረብኝ። «ጉድ ሞርኒንግ» አልኩ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣም። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ለመጻፍማ ማንም አይቀድመኝም። ፊታቸውን ሳይ ግን ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ። አማካሪዬ በኋላ ጠርተው «በሰኔ ዋናውን ጥናት ታቀርባለህ። ያን ቀንም ዝም ካልክ ከጓደኞችህ ጋር አትመረቅም» አሉኝ። እናቴ ለዚያ ምርቃት ስትል ምን ምን እንደተወች እርስዎ ያውቃሉ።

እዚህ ተማሪው መናገር ለመልመድ የማያደርገው የለም። ክንዱ በጆሮው ዜና ሰክቶ አንባቢውን እግር በእግር እየተከተለ ይናገራል፤ ሻወር ቤት ገብቶ ስለ ዓለም ገበያ ሲተነትን እኛ ውጭ ሳሙና ይዘን ተራ እንጠብቃለን። ሀና የምትባል የመካነ ኢየሱስ ከተማ ልጅ አለች። እሷ ቃል ሲጠፋት አትደነግጥም፣ ዙሪያውን ትዞራለች። «ወንፊት»ን ባታውቀው «ዱቄቱ የሚያልፍበት፣ እብቁ የሚቀርበት ዕቃ» ብላ በእንግሊዝኛ ታስረዳና ትሻገራለች። ጥጋቡ ሁሉንም በቃሉ ይሸመድዳል፤ መሃል ላይ ጥያቄ ከጠየቁት ግን እንደገና ከ«ጉድ ሞርኒንግ» ይጀምራል። አንዳንዱ ደግሞ ህንዳዊውን መምህር መንገድ ላይ እየጠበቀ «ሃው አር ዩ ሰር» ይላቸዋል፤ ሰውዬው አሁን መንገድ ቀይረዋል። የእኔ ዘዴ ከኋላ ወንበር መቀመጥና መምህሩ ሊጠይቅ ዞር ሲል ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር ነው።

እርስዎ በቅኔ ቤት ሳሉ ግዕዙን እንዴት ከአፍዎ አስገቡት? ማፈሩንስ እንዴት ተሻገሩት? እባክዎ ይምከሩኝ።

እናቴ እንዴት ናት? አጨዳው ደረሰ? ዘንድሮም ከወንዶቹ እኩል ታጭዳለች? ከነሐሴ ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም። እንደምወዳት ይንገሩልኝ፤ የተቀረውን አይንገሯት።

ልጅዎ ጌዲዮን


ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጌዲዮን፤

አንደበቱ ለከበደው ለሙሴ ወንድሙን አሮንን የሰጠ አምላክ ላንተም አፍ ይስጥህ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ደብዳቤህ ከወር በላይ በመንገድ ቆይቶ፣ ጫፉን ዘይት ነክቶት ደረሰኝ። አንብቤ በሳቅህበት ሳቅሁ፣ ባፈርህበት አፈርሁ። ለማንም አልተናገርሁም።

ስማኝ። እኔ በእስቴ ቅኔ ቤት ስገባ ካንተ የባስሁ ነበርሁ። ቅኔውን በሆዴ ቋጥሬ እመጣለሁ፤ ከመምህሬ ፊት ስቆም የት እንደገባ አላውቅም። መምህራችን አለቃ ተሻገር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ቀን እንዲህ አሉን፦ «መሸሻ ስላላችሁ ነው የምትፈሩ። ግዕዙ ሲከብዳችሁ ወደ አማርኛ ትሸሻላችሁ። መሸሻውን እንዝጋው።» ሱባኤ አስያዙን። ሰባት ቀን ከግዕዝ በቀር ቃል ከአፍ አይወጣም። ከመካከላችን አንዱ አማርኛ ከተናገረ የሁሉም ሱባኤ ይፈርሳል፣ እንደገና ከአንድ ይቆጠራል።

ለልመና ስወጣ አንዲት ባልቴት «ያገርህ ስም ማን ነው?» አሉኝ። በግዕዝ መለስሁ። «ይኸስ ለይቶለታል» ብለው ውሻውን ፈቱብኝ። ስሮጥም የምጮኸው በግዕዝ ነበር። ልጄ፣ በሰባተኛው ቀን ሕልሜን በግዕዝ አየሁ። ከዚያ በኋላ ሰው ፊት መቆም አላስፈራኝም። አንተም ሁለት ሦስት የሚታመኑ ጓደኞች ፈልግና እንዲሁ አድርግ። አማርኛን ጹመው። ጾም ነውና በጸሎት ጀምረው።

እናትህ ደህና ናት። ገብሱ ታጭዶ ገብቷል። ጎረቤቱ በደቦ ነው የወጣላት፤ እርሷ ዘንድሮ ከዋርካው ጥላ ሥር ተቀምጣ ታዛለች። «ልጄ አዋቂ ሊሆን አይደል? እኔም ባለሥልጣን ልሁና» ትላለች። በሶ ልካልሃለች። ስልክ አሁንም የለም፤ አንዳንድ ጊዜ ከአምባው ራስ ላይ ይይዛል ይላሉ።

ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ።

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል


ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ የኔታ፤

የጥምቀቱ በረከት ይድረስዎ፤ እንኳን በሰላም አከበራችሁ። በሶው ደርሷል። ዶርሙ ሁሉ እየበጠበጠ ጠጣው፤ ጥጋቡ «እናትህን እኔም እናቴ ላድርጋት» እያለ ነው።

ምክርዎን ለክንዱ፣ ለሀናና ለጥጋቡ አነበብኩላቸው። ክንዱ ወዲያው ተነስቶ «እንጀምር» አለ። ሕጉን እርስዎ እንደጻፉት አወጣን፤ የአንዱ ጥፋት የሁሉ ነው። የመጀመሪያው ሱባኤ በሁለተኛው ቀን ፈረሰ። ጥጋቡ ጣቱን የአልጋ ብረት መታውና «ወይኔ እናቴ!» አለ። ሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ሄዶ በክንዱ ፈረሰ፤ ካፌ ውስጥ አስተናጋጁ ወጡን ሲያሳንስበት አላስቻለውም። ሀና አንድ ቀን ሙሉ አኮረፈችን። አሁን ሦስተኛውን የዐቢይ ጾም መግቢያ ሰኞ እንጀምራለን። እሑድ ውሎ አድሮ ሰኞ ሲነጋ ይፈታል። ይህም ከፈረሰ ሀና ከእኛ ጋር እንደማትቀጥል ተናግራለች። የኔታ፣ ሳይሞላም እንኳ ለውጡ ይታወቀኛል። ባለፈው ሳምንት በክፍል ውስጥ እጄን አወጣሁ። ስህተት ተናገርኩ፤ ግን ተናገርኩ። ጫማዬን አላሰርኩም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እናቴ ለምንድን ነው ጥላ ሥር የተቀመጠችው? እኔ ከማውቃት ጀምሮ በአጨዳ ጊዜ ተቀምጣ አላየኋትም። እኔን ያረገዘች ጊዜ እንኳ ከማሳ እንደገባች እርስዎ ነዎት የነገሩኝ። ታማለች? እውነቱን ይጻፉልኝ። ድምጿን ብሰማ ይበቃኝ ነበር። እባክዎ አንድ ቀን ከአምባው ራስ ላይ ያስደውሏት። ስልኬን ከኪሴ አልለይም።

ልጅዎ ጌዲዮን


መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጌዲዮን፤

ዐቢዩን ጾም ያስጀመረ አምላክ በሰላም ያስፈጽምህ። ደብዳቤህ ደርሶኛል።

ይህን የምጽፈው በደስታ ነው። በየካቲት 23፣ እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን ሳለ አምባው ላይ ስልክ ይዟል የሚል ወሬ መጣ። እናትህ «ውሰዱኝ» አለች። መንገዱ አቀበት ስለሆነ በበቅሎ አወጣናት፤ እኔ ከጎን ሆኜ ደግፌያታለሁ። ከላይ ደርሰን ጥቂት ካረፈች በኋላ ደወልሁልህ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ከአፏ አጠገብ ያዝሁላት። «ጌዲ፣ ልጄ፣ እኔ ነኝ፤ እናትህ ነኝ» አለች። ከዚያ አንተ ተናገርህ። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ፤ ደግመን ብንሞክርም አልያዘም።

እኔ ፊቷን አየሁ፤ ታዝናለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እርሷ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ደግሞ አለቀሰች። «አፉ ተፈታ! ልጄ አፉ ተፈታ!» አለች። ለካ ማፈርህን ሳንነግራት ታውቃለች። በልጅነትህ እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ ትደበቅ እንደነበር አስታወሰችኝ። ስንወርድ መንገድ ላይ ያገኘነውን ሁሉ ታስቆማለች፤ «ልጄ በፈረንጅ አፍ አናገረኝ» ትላለች።

ቃልህን በጆሮዬ ይዠዋለሁ። አንድ ጊዜ የሰሙትን መያዝ የዜማ ሰው ሥራ ነው። እንዲህ ነበር ያልህ፦ «አይ ካንት ቶክ ናው። ኮል ሚ ቱሞሮ።» ፊተኛው ፈጠን ብሎ ወጣ ይላል፣ ኋለኛው ዝቅ ብሎ ይወድቃል። እናትህ «አስጠናኝ» ብላ ያዘችኝ። ላንተ ዳዊት እንዳስደገምሁህ ለእርሷም ቃል በቃል አስደገምኋት። አሁን ከነዜማው ትለዋለች። ሊጠይቃት የመጣ ሰው ሁሉ ሳይሰማው አይሄድም።

ትርጉሙን ስትጠይቀኝ አላውቅም አልኋት። «በወገዳ እንግሊዝኛ የሚያስተምር መምህር ጥበቡ አለ፣ እንጠይቀው» ብላት «የልጄን ቃል ልጄ ራሱ ይፍታው» አለች። ስለዚህ ፈጥነህ ጻፍልኝ። እናትህ ደህና ናት፤ ትንሽ ድካም ቢጤ አለባት።

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል


ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ የኔታ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ። መዘግየቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ጥናቱ ፋታ አልሰጠኝም።

ሱባኤው ሞልቶልናል። ሦስተኛው ሳይፈርስ አለቀ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ ቀን እንጾመዋለን። ሀና ዙሪያውን መዞር አስተምራኛለች። «አመዳይ» የሚለው ጠፍቶኝ «ሌሊት ከሰማይ ወርዶ ገብሱን የሚያቃጥል ብርድ» ብዬ በእንግሊዝኛ ተሻገርኩ፤ አማካሪዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ክንዱ ድምፄን በስልክ ይቀዳና መልሶ ያሰማኛል። መጀመሪያ ድምፄን ስሰማ ጆሮዬን እይዝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ። የአቀራረቡ ቀን ሰኔ 13 ነው። ያን ዕለት እፈራዋለሁ፣ ምላሴ ግን ቦታው ላይ አለ።

የገብሱ ዘር እንዴት ነው? በቅሎዋ የማን ናት? እናቴ በቅሎ ላይ ወጥታ አታውቅም ነበር። የያዛት ድካም ምን ዓይነት ነው? ደብረ ታቦር ወስዳችሁ ማሳየት አይቻልም?

ስለ ጠየቁኝ ትርጉም በሚቀጥለው እጽፋለሁ፤ አሁን ተሸካሚው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

ልጅዎ ጌዲዮን


ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጌዲዮን፤

ሰላመ እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን። ይህችን በችኮላ ነው የምጽፋት። ትርጉሙን ላክልኝ። አንድ መስመር ይበቃል። ዛሬ ጠዋት «አልጻፈም?» አለችኝ፣ ማታም ትለኛለች። በደብዳቤህ ላይ ትርጉሙ የለም ብዬ ለመንገር ስላልቻልሁ ገና ነው አልኋት፤ በዚህ ዕድሜዬ ስለ አንዲት መስመር ዋሸሁ።

ደብረ ታቦር ለመውሰድ ሞክረን ነበር፤ መንገዱ አላሳለፈንም። አንተ ወዲህ እንዳትነሳ። ሰኔ 13 ሳያልፍ ከቦታህ ንቅንቅ እንዳትል ብላለች፤ የእርሷ ቃል ነው፣ እኔን አስምላ ያስያዘችኝ።

ትርጉሙን ላክ።

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል


ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ የኔታ፣ ለእናቴም በጆሮዋ እንዲነበብላት፤

እልል በሉ! ትናንት ቆምኩ። ተናገርኩ። አዳራሹ ሙሉ ነበር። «ጉድ ሞርኒንግ» አልኩ፣ ከኋላ አንድ ሰው ሲያስነጥስ ሰማሁ፣ ከዚያ እናቴ ስለ ገብሱ የምታወራበት አወራር መጣልኝና ጀመርኩ። ጠየቁኝ፣ መለስኩ። አንዱን ጥያቄ አልሰማሁትም ነበር፤ «ይድገሙልኝ» ለማለት አላፈርኩም። ሲያልቅ አማካሪዬ ተነስተው ጨበጡኝ። ክንዱና ጥጋቡ ተሸክመው አወጡኝ፤ ሀና ታለቅሳለች። ምርቃቱ ሰኔ 28 ነው። ከዚያ መንገዱ እስኪከፈት ከክንዱ ጋር እዚሁ ከተማ ቤት ተከራይተን እንቆያለን። ሲከፈት ጥቁሩን ካባ ይዤ መጥቼ ለእናቴ አለብሳታለሁ።

የግንቦት 20 ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከአቀራረቡ በኋላ ነው። እማዬ፣ በስልክ ያልኩሽ ትርጉሙ ይኸውልሽ፦ «ዛሬ እኔ በአንቺ ቆሜያለሁ፤ ነገ አንቺ በእኔ ትቆሚያለሽ» ማለት ነው። መዘግየቴን ይቅር በይኝ። ታክመሽ ጠብቂኝ።

ልጅሽ ጌዲዮን


ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጌዲዮን፤

ይህን ደብዳቤ ላንተ አላክሁትም። ለክንዱና ለሀና ነው የላክሁት፤ ከሰው ጋር ተቀምጠህ እንጂ ብቻህን እንዳታነበው ብዬ ለምኛቸዋለሁ። መርዶ በወረቀት አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ ገና ሳይነጋ በር አንኳኩቶ ነው የሚያረዳ። መንገዱ ስለዘጋብን በእኛ ፈንታ እነርሱ ይያዙህ።

እናትህ ደጊቱ በሰኔ 12፣ በሚካኤል ዕለት አረፈች። አንተ ሰው ፊት ልትቆም አንድ ቀን ሲቀርህ ነው። የሆዷ ሕመም ከመስከረም ጀምሮ ነበር። እንዳልነግርህ ያስያዘችኝ መሐላ ነበር፤ «ከሰማ ይመጣል፣ ከመጣ ይቀራል» አለች። ልጄ፣ አልቅስ። እኔም ይህን ስጽፍ እያለቀስሁ ነው።

ከቀትር በኋላ ነበር። ውኃ አቀመስናት። እኔ ጎንበስ ብዬ «ደጊቱ፣ ለጌዲዮን ምን ብዬ ልጻፍለት?» አልኋት። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፣ ፈገግም አለች። «አይ ካንት ቶክ ናው። ኮል ሚ ቱሞሮ» አለች። ፊተኛውን ከፍ፣ ኋለኛውን ዝቅ አድርጋ፣ ልክ እንዳንተ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል አልተናገረችም።

በቀብሯ ዕለት አገሩ ሲማዳ ሁሉ መጣ። አልቃሿ ካሣነሽ የእናትህን ቃል ታውቀው ነበርና ከሙሾዋ አስገባችው። «ደጊቱ ተነሽ፣ ጎረቤትሽ መጣ፣ ተናገሪ» እያለች ትጠራትና በእናትህ ቃል «አይ ካንት ቶክ ናው» ብላ ትመልሳለች። ለቀስተኛው እየተቀበለ ደረቱን መታ። መምህር ጥበቡ ከሰው መካከል ነበር። ያንን ሲሰማ ተነስቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ኋላ ሄደ፤ ለብቻው ሲያለቅስ አየሁት።

የሰኔ ደብዳቤህ የደረሰው ለአርባዋ ነው። ጸሎቱ እንዳለቀ ከሰው ፊት አነበብሁት። «ዛሬ እኔ በአንቺ ቆሜያለሁ፤ ነገ አንቺ በእኔ ትቆሚያለሽ» ስል ሴቶቹ እሪ አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ መምህር ጥበቡ ዞሮ «እውነት እንዲህ ያለ ቃል ነው?» አለው። ጥበቡ መሬት መሬቱን እያየ «አዎ፣ እንዲያ ነው» አለ። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅሁትም።

አንድ ነገር ልንገርህ። በታኅሣሥ ስለ ሱባኤው ስጽፍልህ ከሕጉ አንዱን አስቀርቻለሁ። አለቃ ተሻገር ሱባኤውን ሲያስይዙን «እናቱ ልትጠይቀው የመጣች ግን ሱባኤውን ፈትቶ ያናግራት፤ ስለ እርሱም የማንም ሱባኤ አይፈርስም» ብለው ነበር። እኔ እናቴ በጨቅላነቴ ነው የሞተችብኝ። የሚጠይቀኝ ስላልነበረ ያ ቃል ከልቤ አልተቀመጠም። ትዝ ያለኝ በየካቲት ከአምባው ስንወርድ ነው። ያን ጊዜ ልጽፍልህ ብዕር አንስቼ ነበር፤ እርሷ እየሳቀች ስለነበር መልሼ አስቀመጥሁት።

እግዚአብሔር ያጽናህ። ነፍሷን ከቅዱሳን ጋር ይደምርልን።

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል


ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔታ፤

ክንዱ ሌላ ቦታ አድሮ ከሀና ጋር ማልዶ መጣ። ጥጋቡም ነበር። ሦስቱ አብረው በራፍ ላይ ቆመው ሳያቸው ደብዳቤውን ሳልቀበል አወቅሁ። ነጠላ አዘቅዝቀው ከእኔ ጋር ተቀምጠዋል። የተከራየንበት ቤት ሴትዮ እናቴን ሳያውቋት አለቀሱላት። ሰው ስለላኩልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ለሰዉ ያነበቡትን ትርጉም እኔ ነኝ የፈጠርኩት። መምህር ጥበቡ ስለ እኔ ብሎ ዋሸ፤ እግሩን ስሜ ይቅርታ እለዋለሁ። እውነተኛው ይህ ነው፦ «አሁን ማውራት አልችልም። ነገ ደውይልኝ።»

ሰባተኛው ቀን ነበር። አራታችንም ካፌ ውስጥ ተቀምጠናል፤ ሌሊቱን ካሳለፍነው ሊነጋ ነው፣ ሊሞላልን ነው። ስልኩ ጮኸ፣ አነሳሁ። «ጌዲ፣ ልጄ፣ እኔ ነኝ፤ እናትህ ነኝ» ስትል ሰማኋት። ድምጿ ቀጥኗል። እሷ መሆኗ ጠፍቶኝ አይደለም። ሦስቱም አፍ አፌን ያዩኛል። ሁለት ጊዜ ስለፈረሰብን፣ ሀና ስላስጠነቀቀችን፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው ብዬ ያንን አልኩ። እንደማይገባት አውቅ ነበር። ነገ እነግራታለሁ፣ እንስቃለን ብዬ ነው። ሀና ያን ቀን የደወለው ማን እንደሆነ አልገባትም ነበር። ዛሬ ስነግራት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና «ምነው ያን ጊዜ ብትነግረኝ!» አለች።

እርስዎ ያስቀሩትን ሕግ ቢጽፉልኝ ኖሮ እፈታው እንደነበር አላውቅም። ስለዚህ በእኔ ምክንያት ራስዎን አይውቀሱ። ለእናት ሱባኤ እንደሚፈታ ለማወቅ አለቃ ተሻገር አያስፈልጉኝም ነበር።

ለመንደሩ ሰው ያነበቡትን ቢያፈርሱትም ቢተዉትም እንደወደዱ። ካሣነሽ ግን በሙሾዋ ልክ ነበረች፤ ቃሉ እንዲያ ለተጠራና መመለስ ላልቻለ ሰው የሚሆን ነው። እናቴም ትርጉሙን ሳትሰማ ከእኔ ይልቅ በቦታው ተናገረችው። ለእርሷ ብቻ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። መቃብሯ አጠገብ ቆመው እውነተኛውን ትርጉም በአማርኛ ይንገሯት። የልጄን ቃል ልጄ ይፍታው ብላ ነበር፤ ፈታሁት ይበሏት።

የኔታ፣ ሰኞ ሲነጋ ሱባኤው ሞላ። ሦስቱ እየዘለሉ ሲተቃቀፉ እኔ ስልኬን ይዤ ወደ ደጅ ወጣሁና ደወልኩ። ከሰባት ቀን ጾም በኋላ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው የአማርኛ ቃል «እማዬ» ነው። ስልኩ ተዘግቶ ነበር።

ጌዲዮን